ግራ ኪስ የገባው ፖስታ

ክሪሳንቶ ጋርጋሪታኖ ሳያንኳኳ የሚገባበት ቤት አልነበረውም፤ የራሱንም ቤት ጨምሮ። ጊምባል በምትባለው ትንሽ ከተማችን ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ሰማያዊ የብረት በር ያለው ቤት ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው በእሱ ላብ የቆመ ነው። ይሁንና ለእረፍት በመጣ ቁጥር ሚስቱ ያለችበትን ክፍል በጣቱ አንጓ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርግና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እጆቹን አጣምሮ ይቆማል። ዞሲማ ከውስጥ ሆና ትስቅበታለች። "ግባ አንተ ሰውዬ፣ ፎጣ አላዘዝኩም" ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን እሱም አብሯት ይስቅ ነበር።

እኛ ጋ ባሕር ያልወሰደው ወንድ ጥቂት ነው። አንዱ የጭነት መርከብ ሞተር ሲያጥብ ዕድሜውን ይጨርሳል፣ ሌላው ወጥ ቤት ገብቶ ድንች ሲልጥ። ክሪሳንቶ ደግሞ የሽርሽር መርከብ ላይ የክፍል አስተናጋጅ ሆነ። ሀብታሞች ባሕር ለማየት ብለው የሚሳፈሩበት፣ ከተሳፈሩ በኋላ ግን ከመዋኛ ገንዳው ዳር የማይነቃነቁበት ነጭ መርከብ ነው። እሱ አልጋቸውን ያነጥፋል፣ መታጠቢያ ቤታቸውን ይወለውላል፣ ከእራት ሲመለሱ ትራሳቸው ላይ ከፎጣ የተጠቀለለ ዝሆን ወይም ጥንቸል አስቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለደመወዙ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ደመወዙማ ስም ብቻ ነው። ቤቱን የሠራው፣ ልጁን ያስተማረው፣ የአማቱን ዓይን ያሳከመው ጉርሻ ነው።

ጉርሻም የራሱ ሰዓት አለው። እንግዶቹ ሊወርዱ አንድ ምሽት ሲቀራቸው፣ ሻንጣቸውን በመቆላለፍ መሀል፣ ፖስታ ይዘው ወደ ኮሪደሩ ብቅ ይላሉ። ይህን ሥርዓት ለክሪሳንቶ ያስተማረው ቴዮ የሚባል፣ ከጎረቤታችን አውራጃ ከአንቲኬ የመጣ ሰው ነው፤ መርከቡ ሆድ ውስጥ አንድ ክፍል አብረው ያድራሉ፣ በዕድሜ ስለሚበልጠውም "ማኖንግ" እያለ እንደ ታላቅ ወንድም ይጠራዋል።

"ፖስታውን በሁለት እጅህ ትቀበላለህ" አለው ቴዮ ገና በመጀመሪያው ጉዞ። "ስማቸውን ጠርተህ ታመሰግናለህ። ግራ ኪስህ ትከተውና ከላይ መታ ታደርገዋለህ። ሰጪው ፊት ግን ብትሞት አትከፍትም። ትንሽ ከሆነ ፊትህ ያጋልጥሃል፣ ብዙም ከሆነ ያጋልጥሃል። ፈገግ ብለህ ቁም። ቀድሞ ዞሮ የሚሄደው እንግዳው ነው፤ አንተ አይደለህም። ታች ስንወርድ አንድ ላይ እንከፍተዋለን።"

ክሪሳንቶ ይህን እንደ ጸሎት ያዘው። ከጊዜ ብዛትም ማሰብ ቀረና እጁ ራሱ ሥራውን አወቀ። ፖስታ የሚመስል ነገር ወደ እሱ ከተዘረጋ ሁለቱ እጆቹ አብረው ይነሳሉ፣ አፉም "እርስዎን ማገልገል ለእኔ ደስታ ነበር" ይላል፤ ልቡ የትም ይሁን የት።

ፖስታ የማይሰጠውንም እንግዳ አስቀድሞ ለየው። እንዲህ ያለው ሰው በመጨረሻው ቀን ዓይኑን ይሰብራል። ኮሪደሩ ላይ አስተናጋጁን ካየ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሆኖ ይመለሳል፣ በሌላኛው ደረጃ ይዞራል፣ በሩ እጀታ ላይ 'አትረብሹኝ' የሚለውን ካርድ ያንጠለጥላል። ሳምንቱን ሙሉ "ክሪስ፣ ወንድማችን" ሲል የከረመ ሰው ነው እንግዲህ። ክሪሳንቶ አይቀየማቸውም ነበር። አፍረው ነው እንጂ ክፉ ሆነው አይደለም ይል ነበር። እኔ ግን እቀየማቸዋለሁ።

እንግዶቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ልጅ እንዳለው ነው። ያን ጊዜ ከግራ ኪሱ ፎቶ ያወጣል፤ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ፀጉሯ ሁለት ቦታ የታሰረ ሕፃን። ሴቶቹ ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ባሎቻቸውም ፎቶውን ይቀበሉና "ትንሿ ልዕልት" ይላሉ፤ የዚያ ሳምንት ፖስታ ወፈር ይላል። ልጅቷ ጥርሷን ካበቀለች ስንት ዘመኗ፤ ፎቶው ግን እንዳለ ነው። ክሪሳንቶ አንዴ ሊለውጠው አስቦ ነበር። ማኖንግ ቴዮ "ጥርስ የሌላትን አትንካት፣ እሷ ናት የምታበላህ" ብሎ ከለከለው።

ልጅቷ ክሪሲማ ትባላለች። የአባትን ስም ግማሽ ከእናት ስም ግማሽ ጋር ማጋባት እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ክሪሳንቶና ዞሲማም እንዲሁ አደረጉ። እናትና አባቷ ስሟ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከስሟ ውጪ ግን አንድ ጣሪያ ሥር የከረሙበትን ጊዜ ብትደምሩት ኢምንት ነው። አባት ማለት "ታታይ" ነው በእኛ ቋንቋ። ክሪሲማ ቃሉን የተማረችው ከእናቷ አፍ ሲሆን፣ ዞሲማ ደግሞ "ታታይ" የምትለው የገዛ አባቷን፣ ሽማግሌውን ፓብሊቶን ነው። በዚያው ጸና። አፏን ስትፈታ ፓብሊቶ "ታታይ" ሆነ፣ አሁንም "ታታይ" ነው። ክሪሳንቶን ምንም ብላ አትጠራውም። ስትፈልገው አጠገቡ መጥታ ትቆምና ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

ሰውየው ከዚህ ዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ይኸው ነበር፤ ልጁ አንድ ቀን "ታታይ" ብላ እንድትጠራው። ለማንም አይናገረውም። አሳፋሪ ምኞት ይመስለዋል።

ክሪሲማ ስድስተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ዓመት የሆነውን ነው የማወራው። ትምህርት ሲዘጋ ጎበዝ ጎበዞቹ መድረክ ላይ ይጠራሉ። መምህሯ ሪባኑን ትሰጣለች፤ ልጁ ደረት ላይ የሚሰካው ግን ወላጅ ነው። ክሪሲማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሳትጠራ የቀረችበት ዓመት የለም፣ በየዓመቱም አብሯት የሚወጣው ፓብሊቶ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥና መርፌ ቁልፉ ጣቱን ይወጋዋል፣ ሕዝቡ ይስቃል። ዞሲማ ከታች ሆና ወደ መርከቡ የሚላከውን ፎቶ ታነሳለች። ክሪሳንቶ የልጁን ደስታ ሁሉ ያየው በዚያ ስልክ መስኮት ነው።

ያን ዓመት ግን ኮንትራቱ ከበዓሉ በፊት ያልቅ ነበር። "የዘንድሮውን የምሰካልሽ እኔ ነኝ" አላት በስልክ። ክሪሲማ "እሺ" አለች። በማግስቱ ለአያቷ ዘንድሮ እንዳይደክም፣ የሚመጣ ሰው እንዳለ ነገረችው።

ምን ያደርጋል። ክሪሳንቶን የሚተካው ሰው በሰዓቱ አልደረሰም፣ አለቆቹም "አንድ ጉዞ ብቻ ጨምርልን" አሉት። መርከብ ላይ እምቢ ያለ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ጨመረላቸው። ጊምባል ሲደርስ በዓሉ ካለፈ ሰነባብቶ፣ የመድረኩ የወረቀት ጌጥ ተነቅሎ ልጆች መንገድ ላይ ሲጎትቱት አገኘው።

ቸኮሌትና ሽቶ፣ ከእንግዶች ክፍል የተራረፉ ትናንሽ ሳሙናዎችም የታጨቁበትን ካርቶን ሳሎን ውስጥ ዘረገፈ። ዘመድ ጎረቤት ድርሻ ድርሻውን ይዞ ሲበታተን፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጨርቅ ተጠጋ። የክሪሲማ ሪባኖች ሁሉ በተራ የተሰኩበት ነው። የዘንድሮው የለም።

"የዘንድሮውስ የታለ?" አላት።

ክሪሲማ ወለሉን አየች። "ጠፋ" አለች።

ዞሲማ ከምድጃው ዞር ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። ክሪሳንቶ ፈገግ አለና "ችግር የለውም" አላት።

ሌላ አባት ቢሆን "እንዴት ይጠፋል? የት አደረግሽው?" ብሎ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመው ነበር። መርከብ ላይ ግን እንግዳ ሁለቴ አይጠየቅም፤ የመጀመሪያውን መልስ ተቀብሎ ፈገግ ማለት ነው። ክሪሲማ ትንሽ ቆመች። እሱ ምንም አልጨመረም። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

እረፍቱን እንዲህ ጀመረው። ሊክሳት ፈለገ፣ የሚያውቀውን መካሻ ሁሉ አመጣ፣ የሚያውቀው ደግሞ ማስተናገድ ነው። ጠዋት ትምህርት የለባትም፤ ገላዋን ስትታጠብ ጠብቆ አልጋዋን ያነጥፋል፣ አንሶላውን ጥግ ጥጉን ወጥሮ ሽብሽብ እስኪጠፋ ያስገባዋል። ከፎጣ ዝንጀሮ ሠርቶ መስኮቷ ላይ ይሰቅላል። ትንሽ እያለች በነዚያ ፎጣዎች ትፈነድቅ ነበር፤ አሁን ግን ፈታ፣ አጥፋ፣ መደርደሪያው ላይ ትመልሳቸዋለች። ባቾይ ትወዳለች ሲባል ሾርባውን ራሱ ቀቅሎ ጎድጓዳ ሳህኑን በናፕኪን ይዞ ያቀርብላታል። ከዚያ ጠረጴዛው ዳር ቆሞ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ልጅቷ ግማሹን ትተወዋለች።

ሳሎን ተቀምጦ ሳለ ክሪሲማ ከገባች ብድግ ይላል። አስቦት አይደለም፤ ጉልበቱ ራሱ ይነሳል። እሷም ሲነሳ ታይና ከተቀመጠበት ያስነሳችው እየመሰላት ወደመጣችበት ትመለሳለች። ከፓብሊቶ ጋር ግን በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ማንጎ ትበላለች፣ "አንተ ታታይ፣ አገጭህ ላይ ፈሰሰ እኮ" ትለዋለች፣ ሽማግሌው በእጅጌው ይጠርጋል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ክሪሳንቶ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሳቁን ይሰማል።

አንድ ቀን ዞሲማ ትዕግሥቷ አለቀ። ሳህን አጥቦ አድርቆ ሲደረድር ክንዱን ያዘችው።

"ቁጭ በል እንጂ" አለችው። "አንተ ቁጭ ካላልክ ልጅቷ የት ብላ ትጠጋህ? እኛ እኮ አልተሳፈርንም።"

"ምን ላድርግላት ዞሲ? ንገሪኝ፣ ያልሽውን አደርጋለሁ።"

"አታድርግላት። ጠይቃት። ስለዚያ ሪባን ጠይቃት።"

"ጠየቅኳት እኮ። ጠፋ አለችኝ።"

"እንደገና ጠይቃት።"

"ማስጨነቅ ይሆንብኛል" አለ ክሪሳንቶ፣ ሳህኑንም በጨርቁ ዳግመኛ አሸው። ዞሲማ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ላትነግረው ለልጇ ቃል ገብታ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ የእረፍቱ መጨረሻ ደረሰ። መኪናው ጎህ ሲቀድ ይመጣል። የዋዜማው ቀን እንደ ደንቡ ጎረቤቱ ተጠራ፣ ፓንሲት የሚባለው የድግስ ምግብ ተሠራ፣ ሻንጣው ሳሎን መሀል ተጋደመ። ክሪሳንቶ ያን ቀን ዓይኑ ከልጁ ላይ አልተነቀለም። ክሪሲማ እየሸሸችው ነው። ወጥ ቤት ሲገባ በጓሮ ትወጣለች። ደረጃ ላይ ሊገናኙ ሲሉ የረሳችው ዕቃ እንዳለ ሆና ተመለሰች። ዓይኗን ትሰብራለች። ከሰዓት በኋላ ክፍሏን ዘግታ ዋለች። ይህን ሁሉ ያውቀዋል። መርከብ ላይ በየሳምንቱ መጨረሻ ሲያየው የኖረው ነገር ነው፤ የማይሰጥ እንግዳ ነው እንዲህ የሚሆነው። የገዛ ልጄ፣ አለ በሆዱ፣ ደህና ሰንብት የምትለኝ ቃል አጥታ በሌላኛው ደረጃ ትዞራለች።

አመሻሹ ላይ እንግዶቹ በረንዳ ሆነው ሲጫወቱ እሱ ሳሎን ተንበርክኮ ሻንጣውን በገመድ ያስር ነበር። ከኋላው ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማ። ዞር አለ። ክሪሲማ ቆማለች፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ነጩን ሸሚዝና ሰማያዊውን ጉርድ፣ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ለብሳው የማታውቀውን። እጇ ላይ ቡናማ ፖስታ አለ።

ዘረጋችለት።

ያን ጊዜ ሁለቱ እጆቹ አብረው ተነሱ። ብድግ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፖስታውን ተቀበለ፣ በወረቀቱ ውስጥ ክብ ጠንካራ ነገር ጣቱን ነካው። ሳንቲም። አፉም የለመደውን አለ፦ "አመሰግናለሁ ክሪሲማ። አንቺን ማገልገል ለእኔ ደስታ ነበር።" ግራ ኪሱ ከተተው፣ ከላይ መታ አደረገው፣ ፈገግ ብሎ ቆመ።

ክሪሲማ ኪሱን አየች። ፊቱን አየች። ደግማ ኪሱን አየች። እጆቿ የሸሚዟን ጫፍ ይዘው ነበር። እሱም ፈገግ እንዳለ ቆሟል፤ ቀድሞ ዞሮ የሚሄደው እሱ አይደለማ። ከበረንዳው ፓብሊቶ ስሟን ጠራ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰችና ዞራ ሄደች። በነጋታው መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ተኝታለች ተባለ።

ክሪሳንቶ ያን ፖስታ ከአውራጃችን ከኢሎይሎ እስከ ማኒላ፣ ከማኒላ እስከ መርከቡ ደረቱ ላይ ይዞት ሄደ፣ አልከፈተውም። ምኑን ይክፈተው? ከቁርሷ የተረፈች ሳንቲም አጠራቅማ፣ አልጋዋን ላነጠፈላት ሰውዬ ጉርሻ ሰጥታዋለች። ደግ ልጅ ናት፣ ዕዳ አትወድም። የሰው ልጅ ስንቱን ችሎ ስንቱን ይችላል! ከማያውቃቸው ሰዎች እጅ ሲቀበል ኖሮ አንድም ቀን ቅር ያላለው ሰው፣ ከልጁ እጅ የተቀበለው ጎኑን እንደ እሾህ ወጋው። አውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ሁለቴ አወጣው፣ ክቧን ነገር በጣቱ ዳበሳት፣ መለሰው።

መርከቡም እንደ ድሮው አልነበረም። ጉርሻው አሁን ከእንግዳው ሒሳብ ላይ በራሱ ይቆረጣል፣ ቢሮው ያከፋፍላል ተብሏል። አንዳንዶቹ እንግዶች ሒሳባችን ላይ ከፍለናል ብለው ፖስታውን ተዉት። ገሚሶቹ ደግሞ "እኛ በእጃችን ነው የምንሰጠው" እያሉ ወደ እንግዳ መቀበያው ይወርዱና የተቆረጠውን ያስሰርዛሉ፤ ከዚያ በእጃቸውም አይሰጡም። ከእረፍት በተመለሰበት የመጀመሪያ ጉዞ የመጨረሻ ምሽት ክሪሳንቶ ኮሪደሩ ላይ ፈገግ እንዳለ ቆሞ ቆሞ ሁለት ፖስታ ይዞ ወረደ።

ታች ማኖንግ ቴዮ አልጋው ላይ ተቀምጦ የራሱን ዘርግቷል። የክሪሳንቶ ኪስ ሲራገፍ ሦስተኛው፣ ቡናማው፣ አብሮ ወደቀ።

"ይሄኛው ደግሞ ምን ዓይነት ድሃ ነው?" አለ ቴዮ እየሳቀ።

"ልጄ ናት።"

"ልጅህ ጉርሻ ሰጠችህ?"

ክሪሳንቶ ቡናማውን ፖስታ ወደ እሱ ገፋው። "እባክህ አንተ ክፈተው ማኖንግ" አለ።

ቴዮ ጫፉን ቀደደና እጁ ላይ ገለበጠው። ሳንቲም አልነበረም። መሀሉ ላይ ክብ የወርቅ ቀለም ቁልፍ ያለው፣ ሁለት ጅራት ያለው ሰማያዊ ሪባን ነው፤ ዓመቱ ታትሞበታል። መርፌ ቁልፉ ከጀርባው እንደተዘጋ ነው፣ ጨርቁም አዲስ። አንድም ሰው ደረት ላይ አልዋለም።

ቴዮ አራት ልጆች አሉት፣ ለአንዳቸውም በአደባባይ ሰክቶላቸው አያውቅም። ሪባኑን እያየ ሳቁ ከፊቱ ላይ ረገፈ። "ይሄ እኮ ጉርሻ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "አባት የሚሰካው ነው።"

ክሪሳንቶ ያን ጊዜ ነው ሁሉን ያየው። ጠፋ ያለችው አለመጥፋቱን፤ መድረክ ላይ ቆማ ከመምህሯ በእጇ ተቀብላ፣ አያቷንም ሳታሰካ መውረዷን፤ እረፍቱን ሙሉ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቋን። በመጨረሻው ቀን ስትሸሸው የዋለችው ድፍረት እየፈለገች ነበር። ደግሞ ዩኒፎርሙ። ዩኒፎርሟን ለብሳ ነበር እኮ የመጣችው! የሸሚዟን ጫፍ ይዛ ደረቷን አቅንታ የቆመችው እንዲሰካላት ነው። እሱ ደግሞ ኪሱን መታ አድርጎ አመሰገናት። ሪባኑን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፣ ቴዮም መብራቱን ቀንሶለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በነጋታው መርከቡ ወደብ ሲቆም ቤት ደወለ። ዞሲማ ድምፁን ስትሰማ ምንም ሳትጠይቀው ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት። የአያትየው ዶሮዎች ከኋላ ይሰማሉ።

"ከፈትኩት" አላት።

"ለምን እዚያው አልከፈቱትም?" አለችው።

"እኛ… ሥራችን ላይ፣ ክሪሲማ፣ ሰጪው ፊት አይከፈትም። ነውር ነው። እንግዳው ሲሄድ ነው የምን…"

"እኔ እንግዳ ነኝ?"

ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስመጣ እሰካልሻለሁ" አለ። "ዩኒፎርምሽን አድርገሽ፣ ልክ እንደዚያን ቀን። የታታይሽ ቃል ነው።"

"ሌላ ትምህርት ቤት ገባሁ እኮ" አለች ክሪሲማ፣ ሳትቆጣ። "ልብሱ ሌላ ነው። የድሮውን ለአክስቴ ልጅ ሰጠነው።" ከዚያም ጨመረች፦ "ችግር የለውም።"

ያን ቃል ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ፈገግ ተብሎ የሚባል፣ በር የሚዘጋ ቃል ነው፤ ያስተማራትም ራሱ ነው። ስልኩ ሲቋረጥ ወደ መርከቡ አዳዲሶቹ እንግዶች በደረጃው መውጣት ጀምረው ነበር።

በዚያ ጉዞ አንዲት ነጭ ፀጉር አሮጊት አልጋዋን ሲያነጥፍ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታጫውተው ነበር፤ ደግ ሴት ናት። እንደ ሁሉም ልጅ እንዳለው ጠየቀችው።

"አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ" አላት።

"ፎቶዋን አልያዝክም?"

የክሪሳንቶ እጅ በልማድ ወደ ግራ ኪሱ ሄደ። ጥርስ የሌላት ሕፃን እዚያ ነች፤ ከእሷ ጋር ሪባኑ። እጁን ኪሱ ላይ እንዳደረገ ቆመ፣ ከዚያ አወረደው።

"አልያዝኩም" አላትና የአንሶላውን ጥግ አስገባ።